ሱሉልታ የሚያድረው ዲስክ

አርብ ጠዋት፣ ስብሰባው ገና ሳይሞቅ፣ የሂሳብ ሠራተኛችን ኢሜይሉ ሁሉ ታትሞ በካርቶን ይቀመጥ የሚል ሐሳብ አቀረበች። ወንድሜ አልሳቀም። እስክሪብቶውን አንስቶ፣ "በሙዝ ካርቶን ነው በብስኩት ካርቶን?" ብሎ ጠየቃት። ማሾፉ አልገባትም፤ የብስኩቱ ይሻላል፣ ጠንካራ ነው አለችው። ጻፈው። ያ የመጨረሻው ተራ ቀናችን ነው። ከዚህ የተሻለ ነገር ተነግሮበት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ የሆነው ግን ይሄ ነው።

ቢሮው ሰበታ ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከቆርቆሮና ሚስማር መሸጫ በላይ። ጭነት እናስተላልፋለን። ማለትም አንዱ የላከው ዕቃ ሌላው ጋ እስኪደርስ ድረስ መሃል ላይ ተቀምጠን እንጻጻፋለን። አሥራ አንድ ሰዎች ነን። ኮምፒውተሩን ሁሉ የሚያየው ወንድሜ ነበር። እኔ መዝገብ ቤት ነኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤቱ ሲመጣ... ውጤቱን እንተወው። ያስገባኝ እሱ ነው። ሰባት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር ልበል? ይሄ አነጋገር እስካሁን አልተስተካከለልኝም።

ሰርቨር ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። የእኛው ከወንድሜ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ አቧራ የለበሰ ኮምፒውተር ነው። የአሥራ አንዳችንም ኢሜይል የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው። መብራት ሲሄድ አጠገቡ ያለው ዩፒኤስ የሚባል ባትሪ እንደተረገጠ ድመት ይጮኻል፤ ያን ጊዜ እኛ ሻይ ልንጠጣ እንወጣለን፣ ወንድሜ ጠረጴዛው ሥር ይገባል። ከሁለት ሳምንት በፊት መብራቱ ሲመለስ ሰርቨሩ አልነሣም አለ። እንደምንም አስነሣው፤ የሁለት ቀን ደብዳቤ ግን ጠፋ። ከጠፉት አንዱ ኦቦ በጉጉት ሲጠብቁት የከረሙት ነበር።

ኦቦ የምንላቸው ሥራ አስኪያጁን ነው። ኦቦ እንደ አቶ ነው፤ ከኋላው ስም መከተል አለበት፤ ቢሮው ውስጥ ሌላ ኦቦ ስለሌለ ግን ስሙን ትተነዋል። ስብሰባውን የጠሩት እሳቸው ናቸው። "አንዱን ምረጡና ልረፍ" አሉ።

የእሳቸው ምርጫ ካዝናው ነበር። ኢሜይሉ በሌላ ዲስክ ይገለበጥ፣ ዲስኩ ካዝና ውስጥ ይቆለፍ፣ ቁልፉ እሳቸው ኪስ ውስጥ ይሁን።

"ኦቦ፣ ካዝናው ከሰርቨሩ ሁለት ሜትር ቢርቅ ነው" አላቸው ወንድሜ። "ጣሪያው ካፈሰሰ አብረው ይረጥባሉ። ቤቱ ከተቃጠለም አብረው ነው።"

"ካዝና አይቃጠልም።"

"አይቃጠልም። ውስጡ ያለው ግን ይጋገራል።"

"ኧረ አታሟርትብን" አለች የሂሳብ ሠራተኛዋ።

ከሠራተኞቹ አንዱ ልጅ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥ አለ። ወንድሜ ጥሩ ሐሳብ ነው ብሎ ስልኩን አወጣና ኔትወርኩን አሳየው። ኔትወርክ አልነበረም። "የሚያስፈልገን እንደዚህ ባለ ቀን ነው" አለው።

ከዚያ ሁላችንንም አንድ ጥያቄ ጠየቀን። "ስንት ቀን ቢጠፋባችሁ ትችላላችሁ?"

የሂሳብ ሠራተኛዋ አንድም ቀን አለች። ኦቦ ግማሽ ቀን አሉ። እኔ ሁሉም ቢጠፋ ደስ ይለኛል አልኩ፤ ሰው ሳቀ። ወንድሜ ግን ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው አለ። ምን ያህል ቢጠፋባችሁ እንደምትችሉ ሳታውቁ ምን እንደምታተርፉ መምረጥ አትችሉም። "እኔ አንድ ሳምንት እችላለሁ። ምክንያቱም ሱሉልታ የምሄደው በሳምንት አንዴ ነው።"

ሱሉልታ ያለችው አክስታችን ናት፤ ሁለታችንንም ያሳደገችን። እኔና እሱ ቡራዩ ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው፤ እሱ ግን አርብ አርብ እሷ ጋ ያድራል። ለካስ አራት ወር ሙሉ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ አርብ ከሥራ በኋላ የቢሮውን ኢሜይል ሁሉ የያዘ ዲስክ ሱሉልታ ወስዶ ያስቀምጣል፣ ያለፈውን አርብ ዲስክ ደግሞ ይዞ ይመለሳል። ሁለት ዲስክ እየተፈራረቁ። ባክአፕ ይለዋል፤ መጠባበቂያ ማለቱ ነው።

"የት ነው የምታስቀምጠው?" አሉ ኦቦ።

"የአክስቴ ቡፌ ውስጥ።"

"የቢሮዬ ምስጢር ቡፌ ውስጥ?"

"ከብርጭቆዎቹ ጋር። ብርጭቆዎቹን ከተገዙ ጀምሮ ሰው ነክቷቸው አያውቅም ኦቦ። ከካዝናው የተሻለ ነው የሚጠበቁት።"

ኦቦ ቡፌ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ቤታቸው አለ። "ተመልሶ እንደሚሠራ በምን አውቃለሁ?" አሉ።

ወንድሜ ይህችን ሲጠብቅ የነበረ ይመስለኛል። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠና እኛ እያየን የራሱን የኢሜይል ሣጥን አጠፋው። ሙሉውን። አንድ ደብዳቤ አላስቀረም። "ዛሬ አዲሱን ዲስክ ወስጄ፣ ሱሉልታ ሳምንት ያደረውን ይዤ እመጣለሁ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሣጥኔ ይመለሳል። የሚመልሰው ደግሞ ይሄ ነው" ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

"አንተስ?" አሉ ኦቦ።

"እኔ ብመልሰው ምን ይገርማል? እኔ ባልኖርስ? ይሄ ከቻለ ግን ማንም ይችላል።"

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከተመለሰ የሱሉልታው መንገድ ይጸድቃል፣ ካልተመለሰ ካዝናው። "ቶሌ" አሉ ኦቦ፤ እሺ ማለታቸው ነው።

ባልኖርስ ያለው የዓመት ፈቃድ ብወጣስ ለማለት ነው። ይህንን ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ፤ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ታውቆት ነበር ይለኛል። አልታወቀውም። ያን ቀን ሁለት ሳንቡሳ በልቶ ሦስተኛውን ለነገ ቁርሴ ብሎ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ምን ይታወቀዋል?

አርብ ቢሮው በሰባት ሰዓት ይዘጋል። ከሥራ ስንወጣ፣ "የሷም ደብዳቤ አብሮ ጠፋ?" አልኩት።

"ጠፋ።"

"አልፈራህም?"

"ትመልሰው የለም እንዴ። እንዳታነበው ብቻ።"

እሷ የምለው፣ ስሟን አላውቅም ነበር። ገላን ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ቢሮ ትሠራለች፤ እሱም ሲያወራ "ገላን" ነበር የሚላት። የተዋወቁት በስህተት ነው። የሌላ ድርጅት ደብዳቤ ለእሱ ላከች፤ አድራሻ ተሳስተሻል አላት፤ ይቅርታ አለች፤ ምንም አይደል አለ። ይቅርታና ምንም አይደል እየተባባሉ ስድስት ወር ሞላቸው። ለፋሲካ ሱሉልታ ሊወስዳትና ከአክስታችን ጋር ሊያስተዋውቃት ነበር። እስከዚያ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እስከ አየር ጤና አብረን ሄድን። የአመላለሱን ቅደም ተከተል የጻፈበትን ደብተር ሰጠኝ። "ሦስት ሰዓት፤ እንዳታረፍድ። ደሞ ያን ሸሚዝ እጠበው" አለኝ። እኔ የቡራዩን ታክሲ ያዝኩ፣ እሱ ወደ ሱሉልታው ሄደ።

ከእንጦጦ ወዲያ ቁልቁለቱ ላይ ሚኒባሱን የጭነት መኪና መታው። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እኔ ጋ የደወለው የአክስታችን ጎረቤት ነው። "ወንድምህ ትንሽ ተጋጭቶ ነው፤ ናና እየው" አለኝ። ትንሽ ተጋጭቶ ነው ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ብያለሁ። ግን ስለ ራስ ሲሆን ሰው ይደነቁራል። እውነት መስሎኝ ብርቱካን ገዛሁ። ለታማሚ ብርቱካን ይወሰዳል አይደል? አንድ ኪሎ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥዬ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ገና ብርሃን እያለ፣ የአክስታችን በር ደረስኩ።

ቡፌው ግቢው ውስጥ ቆሟል።

ማንም ምንም አልነገረኝም። መንገርም አላስፈለጋቸውም። ሳሎን ተጠርጎ ፍራሽ የሚነጠፈው፣ ሶፋና ቡፌ ወደ ውጭ የሚወጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ያ ቡፌ እኔ ካወቅኩት ጀምሮ ከግድግዳው ተንቀሳቅሶ አያውቅም። አሁን ዶሮ ሥሩ እየጫረች ሰማይ ላይ ተጋልጦ ሲታይ አሳዘነኝ። አዎ፣ መጀመሪያ ያሳዘነኝ ቡፌው ነው። ከዚያ አክስቴ ከውስጥ ስትጮኽ ሰማሁ፤ ብርቱካኑን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም።

በማግስቱ ማለዳ የእድሩ ሽማግሌዎች ድንኳኑ ሥር ተቀምጠው ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው ብለው ቆረጡ። ከዚያ ያልተነገረው ማን አለ እያሉ መቁጠር ያዙ። የክርስትና አባቱ ተነግሯቸዋል። ሰበታ ለኦቦ ተደውሏል። አንደኛው ሽማግሌ፣ "ሌላ የሚቀር ሰው አለ ልጄ?" አሉኝ።

"አለች" አልኩ። "ስሟን ግን አላውቀውም።"

ሽማግሌው ሐዘን ናላዬን ያዞረው መስሏቸው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። ተነሥቼ አክስቴ ጋ ገባሁ። ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ "እቴቴ፣ ሊያገባት የነበረች ልጅ አለች" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "ሰምታለች?"

"አልሰማችም።"

"ሳትቀብረው ልትቀር ነው?" አለች። ከማታ ጀምሮ እንደ ራሷ ሆና የተናገረችው ይህችን ብቻ ነው። "ሂድ አምጣት። ከቀብር በኋላ የሰማች እንደሆነ ዕድሜ ልኳን በሩ ላይ እንደቆመች ነው የምትኖረው። ሂድ።"

ሂድ ማለት ቀላል ነው። የት ልሂድ? ገላን መጋዘኑ ብዙ ነው። ስልኩ ከእሱ ጋር ተጨፍልቋል፤ ሲሙን ለማስወጣት ሰኞ ኑ ተብሏል። ይዞት የነበረው አዲሱ ዲስክም አልተረፈም። ደብዳቤዎቿን ደግሞ እሱ ራሱ ሰው ፊት አጥፍቷቸዋል። የቀረው ያለፈው አርብ ዲስክ ነው፤ ሱሉልታ ያደረው።

ቡፌው ጋ ሄድኩ። ባዶ ነው። አንድ ብርጭቆ የለበትም። የእድር ሴቶቹ ድስት ጥደው ሲሯሯጡ አንዷን ያዝኳት። "እትዬ፣ እዚህ ውስጥ ጥቁር ነገር ነበር፤ በዳንቴል የተጠቀለለ።"

ሴትዮዋ ግራና ቀኝ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ወርቁን ነው?" አለችኝ።

አክስቴ ዲስኩን ሁልጊዜ በዳንቴል ትጠቀልለው ነበር፤ ልጄ አደራ ያለኝ ነው እያለች። እኔም ምን እንደሆነ ሳላውቅ ብርጭቆዎቹ መሃል ዐይቼው ነበር። ለቅሶ ቤት ደግሞ የማይታወቅ ሰው ሁሉ ይገባል፣ ያለቀሰው ሁሉ አልቃሽ አይደለም። ስለዚህ ሴቶቹ ዕቃ ሲያወጡ በዳንቴል የተጠቀለለ ከባድ ነገር አገኙ። ወርቅ ነው አሉ። ሌባ የማያስበው ቦታ ደበቁት፤ የጤፍ ዱቄቱ በርሜል ውስጥ።

እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ዳሰስኩ። አንዷ ሴትዮ አጠገቤ ቆማ፣ "ቀስ በል፣ ዱቄቱን አትድፋው፣ ለሦስት ቀን ነው" ትለኛለች። ከታች ጠርዙን አገኘሁት። ሳወጣው እኔም እሱም ነጭ ሆነናል። ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ሳይቀር ዱቄት ገብቶበታል። እፍ አልኩት። ሴትዮዋ ምን ያህል ወርቅ እንደሆነ ለማየት አንገቷን አስግጋ ነበር። ዲስክ መሆኑን ስታይ፣ "ይሄን ነው ያሳደርነው?" አለች።

ሰበታ ስደርስ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው። አረፈድኩ። የቢሮው ሰዎች ጥቁር ለብሰው፣ ወደ ሱሉልታ የሚወስዳቸውን ሚኒባስ አስነሥተው በር ላይ ቆመዋል። ሲያዩኝ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ኦቦ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ። "ጀባዹ ልጄ፣ በርታ። እኛ ወደ አንተ ልንመጣ ነው፣ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ኦቦ፣ ቅዳሜ ነው። ዛሬ ጠዋት ነበር የተባለው።"

"ምኑ?"

ዲስኩን አሳየኋቸው። ስለ እሷ ነገርኳቸው። ኦቦ ዱቄት የለበሰውን እጄን ዐዩ፣ ሚኒባሱን ዐዩ፣ ከዚያ ቁልፋቸውን አውጥተው ደረጃውን ወጡ።

የወንድሜ ወንበር ላይ ስቀመጥ ቁመቱ ለእሱ የተስተካከለ ስለሆነ እግሬ በደንብ መሬት አልነካም። ደብተሩን ገለጥኩ። እንዲህ ይላል። አንድ፦ ዲስኩን ሰካ። ሁለት፦ ካልተሰካ ገልብጠህ ሰካ፣ አትታገለው። ሦስት፦ ይህን ትእዛዝ እንዳለ ጻፍ፣ ከራስህ አትጨምር። አራት፦ የገባህ ከመሰለህ አልገባህም፣ ሦስትን እንደገና አንብብ። አምስት፦ አሁን እጅህን ሰብስብና ጠብቅ።

ኦቦ ከኋላዬ ቆመው ያነባሉ። አራት ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው አመለጣቸው። ወዲያው ደነገጡና አፋቸውን ያዙ። "ይሳቁ ኦቦ" አልኳቸው። "ለሳቅ ነው የጻፈው።"

ሦስትን ሁለቴ ተሳሳትኩ። በሦስተኛው ሄደ። እጄን ሰበሰብኩ። የኢሜይሉ ቁጥር ታች ላይ መጨመር ጀመረ። ይህኔ መብራት ቢሄድ ብዬ አሰብኩ፤ ዩፒኤሱን በእግሬ ነካሁት፣ ሞቅ ብሏል። መሳቢያውን ስስበው ሳንቡሳው አለ። መለስኩት። በስንት ደቂቃ እንደተመለሰ አላውቅም፤ ብቻ የወንድሜ ሣጥን ስከፍተው ሙሉ ነበር።

ደብዳቤዎቿን አላነበብኩም። የመጨረሻውን ከፈትኩ፣ ዓይኔን ወደ ታች አወረድኩ፣ ከስሟ ሥር የስልክ ቁጥር አለ። ቀኑንም ዐየሁ፤ ያለፈው አርብ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የለም። አንድ ሳምንት እችላለሁ ብሎ ነበር እሱ። እኔ እንደማልችል ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

"በስልክ እንዳትነግራት" አለች የሂሳብ ሠራተኛዋ፤ ለካስ እሷም ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

ደወልኩ። "ከሰበታ ነው" አልኩ። "ወንድሙ ነኝ።"

"የቱ?" አለች፣ እየሳቀች። "ባክአፑ?"

እንደዚያ እንደሚለኝ አላውቅም ነበር።  "ሥራ ላይ ነሽ? በዚያ በኩል እናልፋለን፣ ልናገኝሽ ፈልገን።"

ሳቋን ተወችው። ከዚያ፣ "ትንሽ ታሞ ነው እንዳትለኝ ብቻ" አለች።

አላልኳትም።  ስልኩ ሳይዘጋ ደረጃውን ወረድን።

ሚኒባሱ በቃሊቲ አድርጎ ገላን ደረሰ። የመጋዘኑ በር ላይ ብቻዋን ቆማ ነበር፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። የእኛ ሴቶች ወርደው አቀፏት፣ እዚያው በር ላይ አለቀሱ፣ ተሸካሚዎቹ ሥራቸውን አቁመው ኮፍያቸውን አወለቁ። እኔ ከመኪናው አልወረድኩም።  አምጥተው አጠገቤ አስቀመጧት።

 ከተማውን አልፈን ወደ እንጦጦ መውጣት ስንጀምር እጅጌዬን ዐየችው። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ዱቄት።"

ጠበቀችኝ። ከካርቶኑ ጀምሬ ነገርኳት። የቡፌውን፣ የብርቱካኑን፣ የወርቁን። ሁለት ቦታ ላይ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ለቅሶ ሲዞርም ማውራቴን አላቆምኩም፣ ካቆምኩ እኔም እንደማልመለስ አውቃለሁ። መጨረሻ ላይ፣ የተመለሰው እስካለፈው አርብ ያለው ብቻ ነው አልኳት። የመጨረሻው ሳምንት ጠፍቷል።

"አልጠፋም" አለች። "እኔ ጋ አለ። በየቀኑ ጽፎልኛል።" ትንሽ ቆይታ፣ "ስለ ሸሚዝህም አለበት" አለች።

ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ሹፌሩ ሳይነገረው ቀስ አለ። ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር፤ እንደርሳለን። ኦቦ ከፊት ወንበር ላይ ዘወር አሉ።

"ዲስኩን ካዝና ውስጥ ቆልፈኸው ወጣህ?"

ጭኔ ላይ ነበር፣ ከነዳንቴሉ። "አልቆለፍኩትም ኦቦ፣ ይዤዋለሁ። ሱሉልታ ነው የሚያድረው።"

"ቶሌ" አሉ፣ ወደ ፊት ዞሩ።